የጉም አፋፍ ዓለት

አውቶቡሱ ዳባትን አልፎ ወደ ደባርቅ ሲገሰግስ፣ እሳቱን ከዓይን ቀድሞ ያወቀው አፍንጫ ነበር። ወጣቶቹ ከጎንደር ከተነሡ ጀምሮ ሲሳሳቁና ሲቀላለዱ ቆይተዋል። ሽታው በተከፈቱት መስኮቶች ሲገባ ግን ሣቁ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ እየበረደ ሄደ፤ ከኋላ በስልኩ ሙዚቃ የከፈተው ልጅም ማንም ሳያዘው አጠፋው። ሁሉም አንገቱን ወደ ተራሮቹ አዞረ። ከሸንተረሩ በላይ ደመና የሚመስል፣ እንደ ደመና ግን የማይንሳፈፍ፣ ጠቆር ያለ ነገር ተጋድሟል።

"ያ ነው?" አለች ፍሬ።

"ያ ነው" አለች መንበረ።

ፍሬ ገና ሃያዎቹን ያላገባደደች ነርስ ነች። የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከጎንደር ጀምሮ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት በዓይኗ ጠርዝ ስታያት ነበር የመጣችው። በዚህ ሁሉ ጎረምሳ መካከል ፀጉሯ የሸበተ፣ የወንድ ጃኬት የለበሰች፣ ጣቶቿ በማይለቅ ጥቁር ቀለም የተነከሩ ሴት ምን ልታደርግ እንደምትሄድ አልገባትም።

"እትዬ፣ አገርዎ እዚያ ነው እንዴ?"

"አይደለም። እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ። የምኖረውም እዚያው አጠገብ ፀዳ ነው።"

"ታዲያ ዘመድ አለዎት?"

መንበረ "አንድ ቦታ አለኝ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ዐቢይ ጾም ነበር። በሰሜን ተራሮች የተነሣው እሳት ጠፋ ሲባል እንደገና እየተነሣ፣ ጓሳ የተባለውን ረጅም ሣርና የአስታውን ዛፍ እየበላ፣ ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ገበሬው በቅርንጫፍ እየመታ፣ አፈር እየበተነ፣ ቀንና ሌሊት ታግሎ ደክሟል። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጎንደር ተማሪውም ነጋዴውም ገጀራና አካፋ ይዞ እየወጣ ነው። መንበረ ግን ይህን ሁሉ የሰማችው ዘግይታ ነበር። እርሷ ብዙ ነገር ዘግይታ ትሰማለች።

መንበረ የመዳብ ሠዓሊ ነበረች። እንደ ሌሎቹ በሸራ ላይ በቀለም አትሥልም። የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ በስሱ ሰም ትቀባለች፤ በሰሙ ላይ በመርፌ እየጫረች ተራራውን፣ ገደሉን፣ ሣሩን ታወጣለች፤ ከዚያ ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ትነክረዋለች። አሲዱ ሰም ያለበትን ትቶ መርፌው የነካውን ብቻ ይበላል። በተበላው ጭረት ውስጥ ጥቁር ቀለም ትሞላና፣ የራሰ ወረቀት አልብሳ፣ በከባድ ብረት መጭመቂያ ታሳልፈዋለች። ወረቀቱ ሲነሣ ተራራው እዚያ ላይ አለ። ለዓመታት በመምህራን ኮሌጅ ሥዕል ስታስተምር ኖራ፣ ከሥራ ከወጣች በኋላ ፀዳ በተከራየችው ቤት ከመጭመቂያዋ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ብቻዋን የቀረችው ባሏ ሲሞት ነው። ዳኛው የሚባል የደን ባለሙያ ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አብረው ሰሜን ይወጡ ነበር፤ እርሱ ዛፍ ሊቆጥር፣ እርሷ ልትሥል። ልጅ አልነበራቸውም። በሕመም ከሞተ ወዲህ መንበረ ወደ ተራሮቹ አንድም ቀን ተመልሳ አልወጣችም። ተራሮቹን መሣል ግን አላቆመችም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ አበዛች። በሯን ዘግታ፣ ከድሮ ሰሌዳዎቿ እየገለበጠች፣ እያሻሻለች፣ እያተመች ሦስት ዓመት አሳለፈች። ከፋሲካ በኋላ ሥራዎቿ አዲስ አበባ በትልቅ ኤግዚቢሽን እንዲታዩ ተጋብዛም ነበር። የስልኩ ሰውዬ "እነዚህን ተራሮች ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም" ብሏታል።

በዚህ ጉዞ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰሌዳ አሲድ ውስጥ ነክራ ሳለ የጎረቤት ሬዲዮ በአጥሩ በኩል ተሰማት። ዜና አንባቢዋ የሚነደውን ቦታ ስትዘረዝር "ጉም አፋፍ" አለች። መንበረ ቆመች። ጉም አፋፍን ከእርሷና ከጥቂት የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች በቀር ሰው የሚያውቀው አይመስላትም ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላወቀችም፤ ብቻ ወደ አሲዱ ስትመለስ ሰሌዳው ከመጠን በላይ ተበልቶ፣ ጭረቶቹ እርስ በርስ ተገናኝተው፣ ገደሉ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ሆኗል። አላዘነችም። እጇን ታጥባ፣ የዳኛውን ጃኬት ከምስማሩ አውርዳ፣ በጎ ፈቃደኞች የት እንደሚሰበሰቡ ልትጠይቅ በሚኒባስ ወደ ጎንደር አራዳ ሄደች።

ደባርቅ ሲደርሱ ከአውቶቡስ የወረደውን ሰው ኢንስፔክተር አስማረ ተቀበለው። ረጅም፣ ድምፁ በጩኸት የሻከረ የፖሊስ መኮንን ነው፤ የደንብ ልብሱ ትከሻው ላይ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቷል። ሰዉን እየከፋፈለ አይሱዙ መኪኖች ላይ ያስጭናል። መንበረ ተራዋን ስትጠብቅ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ሰማች።

"እትዬ መንበረ! እውነት አንቺ ነሽ?"

ስካውቱ አወቀ ነበር፤ እርሷና ዳኛው በወጡ ቁጥር ጠመንጃውን አንግቶ አብሯቸው ይሄድ የነበረው ሰው። ዓይኖቹ በጭስ አብጠው ቀልተዋል። ከዳኛው ለቅሶ ወዲህ አልተገናኙም። ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ በመካከሉ ማንኛቸውም የዳኛውን ስም አላነሡም።

"ምነው ጠፋሽ?" አላት በመጨረሻ።

"ኧረ እንዲያው... ሥራ በዝቶብኝ ነው አያ አወቀ።"

"ሥራ" አለ፤ አልወቀሳትም። "እኔን ወደ ግጭ በኩል መድበውኛል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። አንቺስ?"

"ጉም አፋፍ።"

አወቀ ያበጡ ዓይኖቹን ጨፍኖ ከፈተ። የሚናገረው ነገር ያለው ይመስል ነበር። ግን መኪናው ተነሣ ተብሎ ተጠራና "እግዜር ይጠብቅሽ፤ ማታ እፈልግሻለሁ" ብሏት እየሮጠ ሄደ።

ጉም አፋፍ ላይ ጉም አልነበረም። መንበረ ከመኪናው ወርዳ ሽቅብ ስታይ መጀመሪያ ቦታውን ሳተችው። ከምሥራቅ በኩል ያለው ቁልቁለት ጥቁር ሆኖ ይጨሳል፤ እሳቱ በጓሳው መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ሆኖ ወደ እነርሱ ይመጣል፤ ደረቅ አስታ ሲያገኝ ድንገት እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይተኛል። ከምዕራብ በኩል ዳኛው "እናት ደን" ይለው የነበረው የአስታ ደን አለ፤ ግንዱ የተጣመመ፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ግራጫ ነገር የሚንጠለጠልበት፣ ዋልያ የሚሸሸግበት ደን። በጥቁሩና በደኑ መካከል ራቁት ዓለት እንደ መቀነት ይወርዳል።

ኢንስፔክተር አስማረ ወደ እርሷ መጣ።

"ወይዘሮ መንበረ እርስዎ ነዎት? ሠዓሊዋ? ይቅርታ፣ ስካውቱ ነው የነገረኝ። ፓርኩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።" ሥዕሉን የሰጠችው ዳኛው በሞተ ዓመት ነበር፤ ለመታሰቢያው ብላ።

"እኔ ለዚህ አገር አዲስ ነኝ። እዚያ ቢሮ ስንሰበሰብ ሰነበትንና ሥዕሉን ሳየው ሳየው በቃሌ ያዝኩት።" በእጁ ዓለቱን አሳያት። "ከገደሉ አፍ ተነሥቶ እስከ ሸለቆው ይወርዳል። ሣር የለበትም። እሳቱ እዚህ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይቆማል። ክፍት የሆነው ታችኛው ጫፍ ብቻ ነው፤ ዓለቱ ከሚያልቅበት እስከ ወንዙ ያለው ሣር። ሰዉን ሁሉ እዚያ አውርጄ ሣሩን ላስመንጥር አስቤአለሁ። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት።"

"ላይኛው በኩል ከዚህ ሆኖ በጭሱ አይታየኝም። ዓለቱ የትም አይቋረጥም?"

መንበረ ዓይኗን ጨፈነች። ሰሌዳው ከነጭረቱ መጣላት። ዓለቱን መስመር በመስመር ታውቀዋለች፤ የቱ ጋ እንደሚሰፋ፣ የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ ጥላው በየት እንደሚወድቅ። ስንት ጊዜ በቀለም ሞልታ፣ ስንት ጊዜ በጨርቅ ጠርጋዋለች።

"አይቋረጥም" አለች።

ኢንስፔክተሩ ፊሽካውን ነፋ። ሰዉ ገጀራውን፣ ዶማውንና አካፋውን እያነሣ ወደ ታችኛው ጫፍ መውረድ ጀመረ። ፍሬም ቦርሳዋን አንግታ ከእነርሱ ጋር ወረደች። መንበረ ዓለቱን ተከትላ ሽቅብ ሄዳ የእሳት ፍንጣሪ ተሻግሮ እንዳይወድቅ ልትጠብቅ ተስማማች፤ ለዕድሜዋ ይሻላል ብሎ ነው የተዋት።

ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። ከእግሯ ሥር ያለው ዓለት ስታውቀው የኖረችው ዓለት ነው፤ ስንጥቁ በቦታው አለ፣ ትልቁ የጅብራ ተክል በቦታው አለ። ብቻዋን መሆኗ አልከበዳትም። እንዲያውም አንድ ዓይነት ኩራት ተሰማት፤ ቦታው እርሷ እንዳኖረችው ሆኖ ጠበቃት። ጭሱ ነፋስ እየገፋው ይመጣል፣ ይሄዳል። ከገደሉ አፍ በታች አንድ ኩርባ ዞረች። ጭሱ ገለል አለ።

ዓለቱ እዚያ ላይ ተቋርጧል።

የመኪና መንገድ የሚያህል ክፍተት ነው። ውስጡ አፈር ነው፤ አፈሩ ላይ ከሁሉም ያረጁ የአስታ ዛፎች ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለውን መሬት ደረቅ ሣርና የወደቀ ቅርንጫፍ ሞልቶታል። በአንድ ወገን ቅርንጫፋቸው እሳቱ ወደሚመጣበት ጓሳ፣ በሌላው ወደ እናት ደን ይዘረጋል። በር ነው፤ ወለል ብሎ የተከፈተ በር።

መንበረ ዓለቱ ላይ ቁጭ አለች።

ይህን ቦታ ታውቀዋለች። እነርሱ የሚያርፉበት ቦታ ነው። ዳኛው ጃኬቱን አንጥፎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ እርሷ እስክትጨርስ የሚተኛው እነዚህ ዛፎች ሥር ነበር። "ስትጨርሺ ቀስቅሺኝ፤ ካልጨረስሽም አትቀስቅሺኝ" ይላታል። በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ዛፎቹ ነበሩ። ቀብራው በተመለሰች በጥቂት ወራት ሰሌዳውን አውጥታ ልታትም ስትል እጇ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ አልሄድ አለ። ያን ቀን መፋቂያ ብረት አንሥታ ዛፎቹን ከመዳቡ ላይ ፋቀቻቸው፤ ቦታውን አለሰለሰችና የግራና የቀኙን ዓለት በጭረት አገናኘችው። ዓለት ለመጫር ቀላል ነው። ከዚያ አተመችው፣ ደግማ አተመችው፤ ያልነበረው ዓለት በእጇ ውስጥ እየኖረ ሄደ። ለኢንስፔክተሩ "አይቋረጥም" ስትል አልዋሸችም። ዛፎቹ ትዝ አላሏትም። ትዝ እንዳይሏት ያደረገችው ራሷ ነች።

ከታች ጓሳው ሲንጣጣ ተሰማት። ተነሥታ ወደ ታች ሮጠች። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ መዳፏ ተላጠ፤ ድምፅዋ ሊሰማ የሚችልበት ስትደርስ "ኢንስፔክተር!" ብላ ጮኸች።

ሰዉ ሁሉ ዶማውን አቁሞ አያት።

"ክፍት ነው! ላይ ክፍት ነው፤ ዛፍ ነው ያለው!"

"ምን ማለትዎ ነው? አይቋረጥም ብለውኝ አልነበረም?"

"ብያለሁ። ተሳስቻለሁ።"

"ሥዕሉ ላይ እኮ ዓለት ነው!"

"ሥዕሉ ላይ እኔ ነኝ ዓለት ያደረግሁት" አለች፤ ትንፋሽ አጠራት። "እባክዎ፣ አሁን ሰው ይስጡኝ።"

የኢንስፔክተሩ ፊት ተለወጠ።  ቀና ብሎ እሳቱን አየ፤ ዝቅ ብሎ ያልተመነጠረውን ሣር አየ። ሁለቱንም ሊይዝ የሚበቃ ሰው አልነበረውም። "መጥረቢያና ገጀራ ያለው ከእርሷ ጋር ይውጣ!" አለ። "ሌላው እዚሁ! የማይያዝ ሲሆን ወንዙን ተሻግራችሁ ሽሹ፤ ማንም ጀግና እንዳይሆን!" ወዲያው ራሱም መጥረቢያ ነጥቆ ቀደማቸው። ፍሬ ጥሪ ሳትጠብቅ ተከተለች።

ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይሰማ ነበር።  ወንዶቹ ትልልቆቹን ግንዶች ያዙ፤ ፍሬና ሌሎች የወደቀውን ቅርንጫፍ እየጎተቱ ወደ ዓለቱ ማዶ ይጥላሉ። መንበረ ከአንድ ተማሪ እጅ ገጀራ ተቀበለችና መሐል ወዳለው ዛፍ ሄደች። ያረጀ አስታ ብረት ነው። ገጀራው ነጥሮ ተመለሰባት። ደግማ መታች። ቅርፊቱ ተገነጠለ፤ ውስጡ ቀይ ነበር። ዳኛው ጀርባውን ያስደግፍበት የነበረው ጎን ይህ ነው ወይስ ያኛው? ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ መታች። መዳፏ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፤ እጀታው ረጠበ፤ መታች። ኢንስፔክተሩ ከማዶ በኩል መጥረቢያውን እያሳረፈ ያግዛታል። ዛፉ ሲወድቅ ግራጫው ሽበቱ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ተበተነ።

"ጎትቱት! ጎትቱት!"

እሳቱ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነበር፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ጨርቅ የሚቀድድ ይመስላል። ጓሳውን ጨርሶ ዓለቱን መታና ተኛ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ እየላሰ ክፍተቱን አገኘው። ዛፎቹ ግን አልነበሩም። ያገኘው ጉቶና የተቆፈረ አፈር ነው። ቢሆንም ነፋሱ ፍንጣሪውን አነሣው፤ ፍንጣሪው በራሳቸው ላይ እየበረረ ከእናት ደኑ ጫፍ ይወድቃል፤ በወደቀበት ሁሉ በቅጠል እየመቱ ያጠፉታል። ፍሬ የአንገት ልብሷን አውልቃ ትመታ ነበር። የቅንድቧ ፀጉር ሲቃጠል እንኳ አልታወቃትም። ምን ያህል ቆየ ተብለው ቢጠየቁ አንዳቸውም መመለስ አይችሉም። አንድ ጊዜ ግን መንበረ ክንዷን ለመምታት አነሣች፤ የሚመታ ነገር አልነበረም።

ከታች የሰው ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ወደ ዳር ሮጡ። በታችኛው ጫፍ ያልተመነጠረው ሣር ነዶ፣ እሳቱ ከዓለቱ ሥር አልፎ፣ እስከ ወንዙ ያለውን ቁልቁለት ይዞ ይወርዳል። ሰዎቹ ወንዙን ተሻግረው ማዶ ቆመዋል። ኢንስፔክተሩ ከያዘው ዝርዝር እያነበበ እያንዳንዱን በስም ጠራ፤ እያንዳንዱም መለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ ኮፍያውን ያወለቀው።

ቁልቁለቱ ሲነድ አዩ።

"ሰዉን ከመጀመሪያው ብከፋፍለው ኖሮ ያም ይተርፍ ነበር" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አዎ" አለች መንበረ። "በእኔ ነው።"

"ለምን አጠፏቸው? ዛፎቹን ከሥዕሉ ላይ?"

"ባለቤቴ የሚተኛበት ቦታ ነበር።"

ኢንስፔክተሩ የውኃ ኮዳውን ከፍቶ መጀመሪያ ለእርሷ ሰጣት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪኖቹ መጡ። ፍሬ የመንበረን እጆች በንጹሕ ውኃ አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ በፋሻ ጠቀለለቻቸው።

"እትዬ፣ ተነሡ፤ ከእኛ ጋር እንውረድ። ነገ ሆስፒታል ይምጡና ደግሜ አይልዎታለሁ።"

"ዛሬ እዚህ ማደር እፈልጋለሁ።"

"ብቻዎን?"

"ብቻዬን መሆኑን ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ሂጂ የኔ ልጅ።"

ፍሬ ልትሄድ ተነሥታ እንደገና ተመለሰች። ፀዳ ቤትዎ የት ጋ ነው፣ ልመጣ እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀቻት። መንበረ ቤቷን ለሰው ካመለከተች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ስትነግራት ምልክቱ ጠፋባትና ሁለት ጊዜ ተሳስታ አረመች።

አወቀ የመጣው መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ከግጭ በእግሩ ነበር የተሻገረው። ክፍተቱን፣ ጉቶዎቹን፣ የተጠቀለሉ እጆቿን ሲያይ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው። ጠመንጃውን ዓለቱ ላይ አስደግፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት አያ አወቀ።"

"ደኑን አተረፍሽው።"

"ታችኛውን አስበላሁት። ሥዕሌ ነው ያሳሳታቸው።"

አወቀ ወደ ጉቶዎቹ ተመለከተ። "ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ዛፎቹ እንደሌሉበትም አውቃለሁ። ቢሮ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር የሚያርፈው።"

መንበረ ዞር ብላ አየችው። "ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"መች መጣሽና ልንገርሽ?"

በቁጣ አልነበረም ያለው። መንበረ ግን ከዳኛው ቀብር ወዲህ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አፍንጫዋን የምትጠርግበት በፋሻ ያልታሰረ ጣት ስለሌላት አወቀ የነጠላውን ጫፍ አቀበላት። አላባበላትም። ስትጨርስ፣ ዳኛው ባረፈ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ትመጣ ይሆናል ብሎ እዚህ ቦታ ድረስ ወጥቶ እንደጠበቃት ነገራት። እርሷ ባትመጣም ብቻውን ትንሽ ተቀምጦ ወረደ። "ሸጋ ሰው ነበር" አለ። "ማንኮራፋቱ ግን ዝንጀሮ ያስበረግግ ነበር።" መንበረ እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች።

በሰሜን ተራሮች እሳቱ ጨርሶ የጠፋው ከቀናት በኋላ ነው፤ ውኃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር መጥቶ፣ ሰዉም ዳግም ወጥቶ። መንበረ ለአዲስ አበባው ሰው ደውላ ከኤግዚቢሽኑ መቅረቷን ነገረችው። ሰውዬው አዘነ፤ ሥራዎቹ ተጠናቀዋል አላሉኝም ወይ አላት። ተጠናቀው ነበር አለችው። ከዚያ በላይ ልታስረዳው አልሞከረችም።

ዛፎቹ የወደቁበትን ያን ሌሊት ግን በስካውቶቹ ጎጆ አደረች። ሲነጋ አወቀ ቆሎ ይዞላት ሲመጣ ጎጆው ባዶ ነበር። ያገኛት አፋፉ ላይ ነው። ጉሙ ተመልሷል፤ ከሸለቆው እየተነሣ ጥቁሩን ቁልቁለት አንዴ ይሸፍነዋል አንዴ ይገልጠዋል። ከታች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ወደ ተቃጠለው መሬት ወጥተው አመዱን በጣታቸው እየጫሩ ሥር ይለቅማሉ፤ እጃቸውም ደረታቸውም ጠቁሯል። ከጉቶዎቹ አንዳንዱ ገና ይጨሳል። እናት ደኑ ወደ ምዕራብ በዝምታ ቆሟል፤ በእርሱና በጥቁሩ መካከል ትናንት ያልነበረ ባዶ ቦታ አለ፤ በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ሩቅ ተራራ ይታያል።

"ትሥያለሽ ብዬ ነበር" አለ አወቀ።

መንበረ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን አነሣችለት፤ እርሳስ አይዙም።

"ታዲያ እንውረድ፤ ብርድ ነው።"

"አንተ ቅደም አያ አወቀ" አለች፤ ዓይኗን ከቁልቁለቱ ሳታነሣ። "ትንሽ ልየው።"